የቆመ የሚመስለው ውሃ

ካናዳ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም የአፓርታማ ሕንፃዎች በአንዱ የጽዳት ሥራ ያገኘሁት ዘጠናዎቹ በገቡ ሰሞን ነው። የምኖረው ሌላ ሰፈር፣ ክሬሰንት ታውን ስለነበር ጠዋት ጠዋት በምድር ባቡሩ፣ በሰብዌይ፣ እስከ ፔፕ ጣቢያ እሄድና ከዚያ አውቶቡስ እይዛለሁ። ኮሪደር መጥረጉ፣ ሊፍት መወልወሉ፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ ሎንድሪ ክፍሉን ማጽዳቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት ያለው የመዋኛ ገንዳ ነበር።

ሥራው አይደለም የከበደኝ። ዳር ዳሩን መወልወል፣ የሻወር ክፍሎቹን መፈግፈግ፣ እርጥብ ወንበሮችን ማድረቅ ነው፤ በቃ። የከበደኝ ውሃው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይገባበታል። ሕፃናት ይገባሉ፣ ሽማግሎች ይገባሉ፣ ጀርባቸው የበግ ለምድ የለበሰ የመሰለ ጎረምሶች ይገባሉ። እነሱ ሲወጡ ሌሎች ይገባሉ። ውሃው ግን ያው ነው። "ዛሬ ይደፉታል፣ ነገ ይደፉታል" እያልኩ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። የሚደፋው ጠፋ። እኔ ያደግኩት አንድ ሰው እግሩን የታጠበበት ውሃ ወዲያው በሚደፋበት ቤት ነው። ካናዳ ከመግባቴ በፊት በስደት በቆየሁበት ካርቱም ደግሞ በአህያ ጋሪ የሚመጣውን ደፍራሽ የአባይ ውሃ ገዝተን፣ ማሰሮ ውስጥ እስኪጠልል ጠብቀን ነበር የምንጠጣው። ስለ ውሃ የማውቀው ይኸው ነው፦ የሚፈስ ውሃ ይጠራል፣ የቆመ ውሃ ይሸታል። ይሄኛው ቆሞም አልሸተተም። እሱ ነው ግራ ያጋባኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሱፐሩን ጠየቅኳቸው። ሱፐር የሚባለው እዚያው ሕንፃ ውስጥ እየኖረ ከቧንቧ እስከ መብራት ያለውን የሚጠግን ሰው ነው። የኛው ከፖርቹጋል ደሴቶች የመጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ መዳፋቸው እንደ አካፋ የሰፋ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ነበሩ። የእሳቸውም የእኔም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለነበር በደንብ እንግባባለን።

"የገንዳውን ውሃ መቼ ነው የሚቀይሩት?" አልኳቸው።

"እኔ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የደፋሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ወለሉ ተሰንጥቆ ሊጠገን።"

"ታዲያ ይሄ ውሃ..."

"ይሄ ውሃ ካንቺ በፊት ነው ካናዳ የገባው" ብለው ሳቁ። ፊቴን ሲያዩት ግን ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና "ነይ" አሉኝ።

ገንዳው ዳር ወሰዱኝ፤ ያመማቸውን ወገብ ይዘው ተንበረከኩ። በግድግዳው ላይ፣ ልክ ውሃው በሚደርስበት ከፍታ፣ የፖስታ ሳጥን አፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። እኔ በየቀኑ አጠገቧን እወለውላለሁ እንጂ ለምን እንደተሠራች አስቤ አላውቅም። ከኪሳቸው ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ቀደዱና አንዷን ብጣሽ ውሃው ላይ ጣል አደረጓት። ገንዳው ውስጥ ማንም አልነበረም፤ የውሃው ፊት እንደ መስታወት ዝም ብሏል። ብጣሿም ዝም አለች።

"ታገሺ" አሉኝ።

ትንሽ ቆይታ ዞር አለች። ከዚያ ማንም ሳይነካት፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ቀስ እያለች፣ ወደ ቀዳዳዋ መሄድ ጀመረች። አፏ ጋ ስትደርስ ፈጠነች፤ እልም አለች። አፌን ይዤ ቀረሁ። ቆሟል ያልኩት ውሃ ለካ እየሄደ ነበር። እኔ ዳሩን ስወለውል፣ ሕፃናቱ ሲንቦጫረቁ፣ ሕንፃው ሙሉ ሲተኛም ይሄዳል።

"ላይ ላዩን የሚንሳፈፈውን እነዚህ አፎች ይወስዱታል" አሉኝ። "ታች የሚወርደውን ደግሞ ወለሉ ላይ ያለው ወንፊት ይስበዋል። ሁለቱም የሚገናኙት እዚህ ነው።"

"እዚህ" ያሉት ዕቃ ቤት ይመስለኝ የነበረውን ግራጫ በር ነው። ሲከፍቱት ጩኸቱ ደረቴን መታኝ። ቧንቧው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ከጣሪያ ወደ ወለል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። መሐል ላይ ፓምፑ ያጓራል። ፓምፑ አጠገብ ክዳን ያለው ቅርጫት አለ፤ ፀጉር፣ ቁልፍ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ማስቲካ የሚቀረው እዚያ ነው። "አንድ ጊዜ የሕፃን ጥርስ አግኝቻለሁ" አሉኝ። ከፓምፑ አለፍ ብሎ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ እንደ ጎተራ ሆዱ የተነፋ ታንክ ቆሟል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ፊልተሩ።"

"ውስጡ ምን ማሽን አለ?"

"ምንም ማሽን የለም። አሸዋ ነው።"

የሚቀልዱ መሰለኝ። ግንበኛ የሚያቦካው አሸዋ? "እሱን የመሰለ" አሉ፤ "የተመረጠ፣ የተነፋ፣ ግን አሸዋ።" ውሃው በታንኩ አናት ይገባል። በአሸዋው መሐል እየተሹለከለከ ይወርዳል። ቆሻሻው በቅንጣቶቹ መካከል ይያዛል። የጠራው ሥር ካሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ይሰበሰብና በማሞቂያው ያልፋል፣ ክሎሪኑን ጠብ ጠብ እያለ ይቀበላል፣ ከዚያ ገንዳው ግድግዳ ላይ ባሉት ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ተመልሶ ይገባል። አሸዋው ቆሻሻውን ይይዛል፣ ክሎሪኑ ለዓይን የማይታየውን ተባይ ይገድላል። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም አሉኝ።

"ስለዚህ ውሃው አንድ ጊዜ ሲዞር ሁሉም ጠርቶ አለቀ ማለት ነው?"

"አይደለም።" ጣታቸውን አነሱ፤ ይህን ሲናገሩ አስተማሪ መሰሉ። "የጠራው ተመልሶ ካልጠራው ጋር ይቀላቀላል። አንዱ ጠብታ ሦስቴ ሲያልፍ ሌላው ገና ተራውን ይጠብቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ንጹሕ የሚሆንበት ሰዓት የለም። ለዚህ ነው ፓምፑ የማይጠፋው።"

ታንኩ ላይ የሰዓት ፊት የመሰለ የግፊት መለኪያ፣ ጌጅ አለ። አሸዋው ቆሻሻ በያዘ ቁጥር ውሃው ለማለፍ ይጨነቃል፣ መርፌውም ወደ ላይ ይወጣል። ሽማግሌው በቀይ ቀለም ያሰመሩበት መስመር ላይ ሲደርስ አሸዋው ይታጠባል። የዚያን ቀን ደርሶ ነበርና አሳዩኝ። ፓምፑን አጠፉ፣ የቫልቩን እጀታ አዞሩ፣ መልሰው አስነሱት። አሁን ውሃው በተቃራኒው ከሥር ወደ ላይ እየሄደ አሸዋውን እያነሳ ያጥበዋል አሉኝ። ወደ ፍሳሽ በሚሄደው ቧንቧ ላይ ጭብጥ የምታህል የመስታወት መስኮት አለች። በእሷ ውስጥ መጀመሪያ ጠላ የመሰለ ውሃ አለፈ። ቀጥሎ ሻይ መሰለ። ቀጥሎ ቀጭን ሻይ። ከዚያ መስታወቱ ባዶ እስኪመስል ጠራ። ጠርቶም ውሃ እንዳለበት የሚያስታውቀው የቧንቧው መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር።

የዚያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ስመለስ የማየው ሁሉ ያ አሸዋ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ዓመት ከዓመት የሚያጥብ አሸዋ፣ በአንድ ጎተራ!

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው እየወደዱኝ መጡ፤ ሥራውንም አስተማሩኝ። በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድቶ ጠብታ ጨምሮ የቀለሙን መቅላት ማየት፣ ቅርጫቱን ማውጣት፣ ፓምፑ ሳይቆም የቫልቩን እጀታ አለመንካት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጥቁሩን ክብ ሕግ። ገንዳው በጣም በሚጠልቅበት ቦታ ወለሉ ላይ ሳህን የምታህል ጥቁር ክብ አለች። ዳር ቆመሽ እሷ ጥርት ብላ ካልታየችሽ ማንም አይገባም፤ የሰጠመ ሰውም አይታይሽማ አሉኝ።

ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንዲት ያገራችን ሴት ይኖሩ ነበር፤ እማማ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ከከተማው ማዶ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ መጋዘን ስለምትሠራ ሳይነጋ ትወጣለች። የልጅ ልጆቻቸው በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱት። እማማ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ሰው ስለሌላቸው እኔ ኮሪደራቸውን ስጠርግ በር ከፍተው ይጠብቁኛል። ጉልበታቸው በጣም ታሞ ነበር። አንድ ቀን ሐኪማቸውን ሲያሙ ደረስኩ።

"ውሃ ውስጥ ተመላለሺ አለኝ እኮ! የታመመ ጉልበት ይዤ ዋና ልጀምር? እሱስ ይሁን፣ ሰው ሁሉ የታጠበበት ውሃ ውስጥ?"

"እማማ፣ እኔም እንደ እርስዎ ነበር የማስበው። ግን ውሃው አልቆመም፣ ይሄዳል።"

"ወዴት ይሄዳል?"

"ይምጡና ላሳይዎት።"

ሱፐሩን አስፈቅጄ ወሰድኳቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ግራጫው በር ውስጥ ገቡ። አሸዋው የሚታጠብበት ቀን ነበር፤ ትልቁን ተአምር ላሳያቸው ብዬ የመስታወቷ መስኮት ፊት አቆምኳቸው። ጠላ የመሰለው ውሃ ሲመጣ አማተቡ።

"በስመ አብ! ይሄ ሁሉ ከሰው ገላ ነው?"

"አዎ፣ ግን እኮ እየወጣ ነው እማማ፤ ይዩት፣ አሁን ይጠራል..."

መጥራቱን አልጠበቁም። "እንኳን አሳየሽኝ። እኔስ ጉልበቴ ይቅርብኝ" ብለው ወጡ። እኔን ያስደነቀኝ ነገር እሳቸውን አባረራቸው።

በዚያው ዊንተር፣ በበረዶው ወራት፣ ሽማግሌው የቡአ ኦፕራሲዮን ሊያደርጉ ሆስፒታል ገቡ። ለሌላው ጥገና ከጎረቤት ሕንፃ ሰው ይመጣል፤ ገንዳው ግን ለእኔ ተተወ። በወረቀት ጽፈው፣ ግራጫው በር ላይ ለጥፈውልኝ ነበር የሄዱት፦ ውሃውን በቀን ሦስቴ መርምሪ፣ ቅርጫቱን አጽጂ፣ መርፌው ቀዩ መስመር ሲደርስ አሸዋውን እጠቢ።

ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት ፓምፑ ሲያጓራ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደስታዬ ነው እንግዲህ ያሳሳተኝ። መርፌው ገና ከታች ነው፤ ግን ለምን ቀዩን መስመር እጠብቃለሁ? ቤቷ ቆሻሻ እስኪሞላ የምትጠብቅ ምን ዓይነት ሴት ናት? ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አጠብኩት። በሁለተኛውም። በየቀኑ ይታጠብ ጀመር። መርፌው ከታች አልነቃነቅ ሲል በራሴ ኮራሁ።

በአራተኛው ቀን ብርሌ ይመስል የነበረው ውሃ ደበዘዘ። ብልቃጡን አየሁ፤ ክሎሪኑ ልክ ነው። በቂ አላጠብኩም አልኩና በቀን ሁለት ጊዜ ማጠብ ጀመርኩ። ታጥቦ በወጣው ምትክ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ስለሚገባ ዋናተኞቹ በረደን እያሉ ማጉረምረም ያዙ። ውሃው ባሰበት፤ አጓት መሰለ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጥልቁ ጋ ቆሜ ጥቁሯን ክብ ፈለግኳት። አጣኋት። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የለችም።

ማስታወቂያ ሰቅዬ በሩን ቆለፍኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሕንፃው ማናጀር ከቢሮው ደወለ።

"ሰዎች እያማረሩ ነው። ክሎሪን ጨምሪበትና ክፈቺው።"

"ክሎሪኑ ልክ ነው። ወለሉ ነው የማይታየኝ።"

"ትንሽ ቢደፈርስ ምን አለበት?"

"ሕፃን ቢሰጥም አላየውም" አልኩት። ከዚያ በፊት አለቃ ፊት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

"እስከ ሰኞ" አለና ዘጋው። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ሽማግሌው ከሆስፒታል ወጥተው ፎቅ ላይ ቤታቸው ተኝተዋል። ላለማስቸገር ብዬ ነበር ዝም ያልኩት፤ አሁን ግን ደወልኩ።

"መርፌው የት ነው?" አሉኝ በደከመ ድምፅ።

"ታች ነው። እሱስ በጣም ጥሩ ነው።"

"በስንት በስንት ቀን ነው የምታጥቢው?"

"በየቀኑ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደግሞ ጠዋትና ማታ።"

ሳቅ ሰማሁ፤ ከሳቁ ቀጥሎ የሕመም ድምፅ። "አታስቂኝ፣ ስፌቴ ይፈታል" አሉ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው አስረዱኝ። በአሸዋ ቅንጣት መካከል ክፍተት አለ። ታጥቦ የተለቀቀ አሸዋ ትልቅ ትልቁን እንጂ ደቃቁን አይዝም፤ ያሾልከዋል። መጀመሪያ የተያዘው ቆሻሻ ነው ክፍተቱን እያጠበበ ደቃቁን የሚይዘው። "ግማሹ ፊልተር አሸዋው ነው፤ ግማሹ ራሱ ቆሻሻው ነው። አንቺ ሠራተኛዬን በየቀኑ እያባረርሽ ነበር።"

ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ቆሻሻው ራሱ ያጠራል! ይህን ማን ያስባል?

"አሁን ምን ላድርግ?"

"ምንም። ፓምፑ ይሥራ። አንቺ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ።"

በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም። ቅዳሜና እሑድ ዕረፍቴ ቢሆንም መጣሁ። ገንዳው ዳር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እጄ ወደ ቫልቩ እየበላኝ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ምንም ለውጥ አልነበረም። መርፌው ግን የፀጉር ያህል ከፍ ብሏል።

እማማ የልጅ ልጃቸው ማስታወቂያውን አንብባላቸው ኖሮ ከሰዓት በኋላ ወርደው በሩን አንኳኩ።

"ለምን ዘጋሽው?" አሉኝ።

"ወለሉ አይታይም እማማ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያለ ልኩ አጥቤው ነው" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማናጀሩ ያለኝንም፣ እኔ የመለስኩትንም።

ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ደፍራሹን ውሃ ብዙ ጊዜ አዩት። "አለቃሽ ክፈቺ ብሎሽ እምቢ አልሽ?"

"አዎ።"

"ለአንቺ ካልጠራልሽ ሰው አታስገቢም ማለት ነው?"

"አላስገባም።"

ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ሊፍቱ ተመለሱ።

እሑድ ጠዋት ጥላ የመሰለ ነገር ታየኝ። ዓይኔ የፈጠረው ነው ብዬ ዞር ብዬ መጣሁ። አለች። እስከ ማታ ስትጎላ ዋለች። ሰኞ ጠዋት መብራቱን ሳበራ ደረጃው ላይ ቀጥ አልኩ። ውሃው የለም! ገንዳው ባዶ ነው አልኩ፣ ፈሰሰ ብዬ ደነገጥኩ። ጥቁሯ ክብ ከነጠርዟ፣ የሸክላዎቹ መጋጠሚያ መስመር ሁሉ፣ ጥግ ላይ የወደቀች የፀጉር ማስያዣ ሽቦ እንኳ ወለል ብላ ትታያለች። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ስነክር ነው ፊቱ የተንቀጠቀጠው። ውሃው እዚያው ነበር። ማንም ሳይነካው፣ በአሸዋና በቆሻሻ መሐል እየተመላለሰ ራሱን አጥርቶ ጠበቀኝ። ማልቀሴን አልደብቅም።

ማስታወቂያውን ባነሳሁ በማግስቱ እማማ ልጃቸው የገዛችላቸውን የዋና ልብስ ለብሰው፣ ከላዩ ሰፊ ቲሸርት ደርበው መጡ።

"እማማ፣ ሊገቡ ነው?"

"ጠባቂ ካለው እገባለሁ። ብቻዬን ግን አልገባም" አሉኝ።

እኔም ሺፍቴ ሲያልቅ የዋና ልብስ ለብሼ አብሬያቸው ገባሁ፤ ያኔ ለእኔም የመጀመሪያዬ ነበር። የደረጃውን መደገፊያ ይዘው አንድ አንድ ደረጃ፣ እያማተቡ ወረዱ። ውሃው ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆሙ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ክብደቴ የት ሄደ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ግድግዳውን ይዘን መራመድ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ድንገት ቆም አሉ። "ይሄ የሚገፋኝ ምንድን ነው?"

እጄን ሰደድኩ። ከአንዷ ክብ ቀዳዳ ለብ ያለ ውሃ በኃይል ይወጣል። በቧንቧው፣ በመስታወቷ፣ በመርፌዋ ሁሉ አውቀዋለሁ፤ በገላዬ ግን ነክቶኝ አያውቅም ነበር።

"እሱ ነው እማማ። ከአሸዋው የተመለሰው።"

ቀዳዳዋ ዝቅ ብላ ነበር። እማማ ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ያዙና የታመመውን ጉልበታቸውን ፊት ለፊቷ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ትንሽ እዚሁ ልቁም" አሉ። አጠገባቸው ቆምኩ። ሌሎቹ ዋናተኞች ዞረውን አለፉ።

ጉልበታቸው ድኗል አልልም። ግን በዚያ ዓመት መጨረሻ ያለ ምርኩዝ ሎንድሪ ይወርዱ ነበር፤ ከእሳቸው ጋር የሚገቡ ሦስት ጓደኞችም አፍርተው ነበር፣ በቋንቋ የማይግባቧቸው። ሽማግሌው ሥራ ተመልሰው አንድ ዓመት ከቆዩ በኋላ ጡረታ ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት የመዋኛ ገንዳ ኦፕሬተር ኮርሱን እንድወስድ ገፋፍተውኝ ተፈተንኩና አለፍኩ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ኢቶቢኮ ውስጥ ባለ ትልቅ የሕዝብ ገንዳ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ቀኔ ላይ ቁልፉን ሰጥተውኝ ብቻዬን ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ስድስት ታንክ በተርታ ቆሟል፤ ቧንቧው እኔን ቁጭ አድርጎ ያስገባል። ከላዬ የሕፃናት ጩኸት በጣሪያው በኩል ይሰማል። ሁለት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ቆሻሻውን ይዞ ይመጣል፣ አንዱ የጠራውን ይዞ ይመለሳል። በሁለቱም ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። እኩል ይንቀጠቀጣሉ። አለቃዬ ምን ሆና ዘገየች ብሎ እስኪመጣ ድረስ እንደዚያው ቆሜ ነበር።